«እዚህ ይንኩ» የሚለው ስክሪን ለማን ነው የቆመው?

አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ አንድ የማሽነሪ ኤክስፖ ላይ ነው። ሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ። ከአንድ ትልቅ ታች ስክሪን አጠገብ ቆሜያለሁ። እንደ ጋዜጠኛ አልነበረም የቆምኩት። በስክሪኑ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ሰው ሲያነበው ለማየት ጓጉቼ ነው። በፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በዜና ብቻ የቤት ኪራይ አይከፈልም። የኤክስፖ ወቅት ሲመጣ የብሮሸርና የስክሪን ጽሑፍ እየጻፍን ጎደሏችንን እንሞላለን።

ሃምሳዎቹን ያለፉ የሚመስሉ ሰው ጋቢ ደርበው፣ ከአንድ ወጣት ጋር መጡ። ወጣቱ የወንድማቸው ልጅ መሆኑን ሲያወሩ ሰማሁ። ስክሪኑ «እዚህ ይንኩ» ይላል። ወጣቱ ነካው። አምስት ምርጫ ወጣ፦ ስለ እኛ፣ ራዕይና ተልዕኮ፣ ዕሴቶቻችን፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ መልዕክት፣ ምርቶቻችን። የመጨረሻውን ሲነካው የበቆሎ መፈልፈያ ማሽኑ ምስል እየተሽከረከረ መጣ። ያምራል። ከሥሩ «ዘመናዊ፣ አስተማማኝና ተመራጭ» ተብሎ ተጽፏል። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ሰውየው ስክሪኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በሰዓት ስንት ኩንታል ይፈለፍላል?»

«አላውቅም ጋሼ፤ ልጠይቅልዎት።»

«በናፍጣ ነው በመብራት?»

ይህንንም አላውቅም።

«እሺ፣ ቢበላሽብኝስ? መለዋወጫው የት ይገኛል? ቡሬ ድረስ መጥቶ የሚሠራ ሰው አላችሁ?»

አስተናጋጇን ጠራኋት። ለሦስት ቀን የተቀጠረች ተማሪ ናት፤ ስለ ማሽኑ የሚያውቀውን ሰው ማንም አላሳያትም። ብሮሸር ሰጠቻቸው። በብሮሸሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ካለው አንድም ቃል አይለይም፤ እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኛ። ዋጋውን ሲጠይቋት «በዚህ ስልክ ይደውሉ» አለቻቸው። ማሽኑ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተገትሮ፣ ሻጮቹ ከጀርባችን ቡና እየጠጡ፣ ገዢው ስልክ እንዲደውል ይነገረዋል። ሰውየው ብሮሸሩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ለወጣቱ «ና እንሂድ፣ የሚነግረን ሰው ካለበት» አሉት።

ያን ቀን ከድርጅቱ ይልቅ በራሴ አፈርኩ። ጽሑፉን ሳዘጋጅ ሥራ አስኪያጁን ሦስት ጊዜ አግኝቼ ስለ ራዕያቸው ጠይቄያቸዋለሁ። «ገዢዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ምንድነው?» ብዬ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብዬ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እየተባልኩ የተማርኩ፣ ሙያዬ መጠየቅ ነው የምል ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ኤክስፖ በሄድኩ ቁጥር ስክሪኖቹን እየነካሁ እመለከታለሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በየኤክስፖው የሚተከሉት ታች ስክሪኖች ብዙዎቹ የጎብኚን ጥያቄ ለመመለስ አልተሠሩም። የተሠሩት ባለቤቱ ራሱን እንዲያይባቸው ነው። ይህ ብልሃት ያልተገኘለት የቴክኖሎጂ ችግር አይደለም፤ ከልማድ የመጣ፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ መስተካከል የሚጀምር ችግር ነው። ካልተስተካከለ ግን ገንዘቡን ያወጣው ድርጅትም፣ ሌሊት ሲሠራ ያደረው ወጣትም፣ ከሩቅ አገር ጥያቄ ይዞ የመጣው ጎብኚም አብረው ይከስራሉ።

🔹 ማይክ የያዘው ልጅ ይሻል ነበር

ኤክስፖና ባዛር ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። መስቀል አደባባይ አጠገብ በኤግዚቢሽን ማዕከል የገና፣ የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ባዛር ሳያይ ያደገ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ ለ2000 ዓ.ም. መባቻ ተሠራ። በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዓለም አቀፍ የኮንቬንሽን ማዕከል ተመረቀ። አዳራሹ እየሰፋና እያማረ ሲሄድ ባነርና ጠረጴዛ ብቻ ይዞ መቅረብ ድህነት መሰለ። ስክሪን የሌለው ቡዝ አሁን እንደ ኋላ ቀር ይታያል።

የድሮውን ባዛር አስታውሱ። ማይክ ይዞ «ኑ እዩ፣ ኑ ቅመሱ» የሚል አንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። ጆሮ ይበጥሳል፣ እውነት ነው። ግን ስትጠይቀው ይመልስልሃል። «ይሄ ስንት ነው?» ስትለው ዋጋውን ይነግርሃል፤ «ውድ ነው» ስትለው ይከራከርሃል፤ ስትሄድ ተከትሎ ይቀንስልሃል። ያ ልጅ ዛሬ «ኢንተራክቲቭ» የሚባለውን ነገር ስሙን ሳያውቀው ሠርቶታል። የጠየቅከውን ሰምቶ፣ በሰማው መሠረት መልሱን ይቀይራል። በእሱ ቦታ የተተካው ስክሪን ግን ማንም ቢመጣ፣ ምንም ቢጠይቅ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያወራው።

🔹 የክብር እንግዳውና ካሜራው

ይህ ለምን ሆነ? ሥራው እንዴት እንደሚታዘዝ ማየት ነው። ኤክስፖው ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለአንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ይደወላል። «ታች ስክሪን ተከራይተናል፤ የሆነ የሚነካ ነገር ሥራልን» ይባላል። ይዘት ሲጠይቅ የድርጅቱ ፕሮፋይል በፒዲኤፍ ይላክለታል። ፕሮፋይሉ የተዘጋጀው ለጨረታ ነው፤ ስለዚህ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የሰው ኃይል አደረጃጀት ይበዛበታል። ልጁ ያንን ገጽ በገጽ ወደ ስክሪን ይገለብጠዋል። ሌላ ምን ያድርግ?

ከዚያ የመክፈቻው ቀን ይመጣል። ሪባን ይቆረጣል። የክብር እንግዳው በየቡዙ ሲያልፉ ስክሪኑ ጋ ይቆማሉ፣ በጣታቸው ይነካሉ፣ ምስሉ ይሽከረከራል፣ ፎቶ ይነሳል። እንግዳው ከወጡ በኋላ ስክሪኑ ሥራውን ጨርሷል። ከሰዓት በኋላ ብትመለሱ ወይ የድርጅቱ ቪዲዮ እየተደጋገመበት ታገኙታላችሁ፣ ወይ ደግሞ አንድ ሕፃን ሥዕል እያሽከረከረ ይጫወትበታል። ሕፃኑ ቢያንስ ተጠቅሞበታል።

እዚህ ላይ እኛም ጋዜጠኞች ድርሻ አለን። የኤክስፖ ዜና ስንሠራ የምንቀርጸው እንግዳው ስክሪን ሲነኩ ነው። «ስንት ሰው መጣ? ምን ጠየቀ? ምን ሳያገኝ ተመለሰ?» የሚለውን ዘግበን እናውቃለን? ድርጅቱም የሚሠራው ለሚቀረጽለት ነገር ነው። ካሜራችን ስክሪኑን ለጌጥ ካየው፣ ባለቤቱም ለጌጥ ይገዛዋል።

🔹 ቤቱ የሚቃጠልበት ፊልም

የማይመልስ ቁልፍ እኛ ጋ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሞንትሪያል ላይ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ተካሂዶ ነበር። ኢትዮጵያም የራሷ ማሳያ ነበራት፤ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ጎብኝተውታል። በዚያ ኤክስፖ ሰው ካወራላቸው ነገሮች አንዱ በቼኮዝሎቫኪያ ማሳያ ውስጥ የነበረ ኪኖአውቶማት የሚባል ሲኒማ ነው። የፈጠረው ራዱዝ ቺንቼራ የተባለ ሰው ነው። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ቁልፍ ተገጥሟል። ፊልሙ ወሳኝ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። አንድ ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ ተመልካቹን «አሁን ምን ያድርግ? ይህን ወይስ ያን?» ብሎ ይጠይቃል። ሕዝቡ ቁልፍ ተጭኖ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይቀጥላል። በታሪክ የመጀመሪያው ተመልካች የሚመርጥበት ፊልም እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው።

ምስጢሩ ግን እዚህ ነው። ሕዝቡ የቱንም ቢመርጥ መጨረሻው አንድ ነው፤ ሕንፃው ይቃጠላል። ፊልም ሠሪው ይህን ያደረገው አውቆ ነው። ቁልፍ መጫን የመወሰን ስሜት ይሰጣል፤ ውጤቱን ግን አይለውጥም። ለእሱ ቀልድ ነበር፣ ውስጡ ምሬት ያለበት ቀልድ።

የእኛ ስክሪኖች ያንን ቀልድ ቁም ነገር አድርገው ይዘውታል። «ስለ እኛ» ብትነካም፣ «ዕሴቶቻችን» ብትነካም፣ «ምርቶቻችን» ብትነካም መድረሻህ አንድ ነው፦ «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ»። ላዩን ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ።

የሚገርመው፣ ይህ ቴክኖሎጂ ሲጀመር ለጌጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1965 ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስለ ታች ስክሪን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሲያወጣ ያሰበው የአውሮፕላን በረራ ለሚቆጣጠሩ ሰዎች ነበር። እነዚህ ሰዎች ቁልፍ ለመፈለግ ጊዜ የላቸውም፤ የሚፈልጉትን ፊት ለፊታቸው አግኝተው፣ ነክተው፣ መልስ ማግኘት አለባቸው። ዓላማው ከጥያቄ ወደ መልስ ያለውን መንገድ ማሳጠር ነበር። እኛ በመካከሉ ራዕይና ተልዕኮ አስገብተን አስረዘምነው።

🔹 «ዋጋ በውስጥ መስመር»

እዚሁ ቴሌግራም ላይ ዕቃ ለመግዛት የሞከረ ሁሉ ይህችን ሐረግ ያውቃታል። ፎቶው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ «ፍሪ ዴሊቨሪ» አለ። ዋጋው ግን «በውስጥ መስመር» ነው። የኤክስፖ ስክሪኖችም ያንኑ ባህል በትልቁ ይዘው ቆመዋል።

ነጋዴው ምክንያት አለው። «ተፎካካሪ ያየዋል» ይላል። «ዶላር ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም» ይላል። ሁለተኛው እውነትነት አለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ግን ስክሪን ከባነር የሚሻለው በዚህ ነው እኮ! የታተመ ባነር ላይ ዋጋ መቀየር አይቻልም፤ ስክሪን ላይ ጠዋት ጠዋት በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። ቁርጥ ዋጋ መጻፍ ካስፈራ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት ይቻላል። ተፎካካሪን በተመለከተ፣ ማወቅ ከፈለገ አንድ ልጅ ደንበኛ አስመስሎ ይልክና በአምስት ደቂቃ ያውቀዋል። ከዋጋው የሚደበቀው ከቡሬ የመጣው ሰው ብቻ ነው።

🔹 የምጣዱ ቡዝ

አሁን ደግሞ ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ባዛር፣ አንድ የማውቀው ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ «ና ሥራዬን እይልኝ» ብሎ ወሰደኝ። ቡዙ ትንሽ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩ አምስት ጓደኛሞች ናቸው፤ ታች ስክሪን የመከራየት አቅም አልነበራቸውም። ልጁ ያገለገለ 32 ኢንች ቴሌቪዥንና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገናኘ። ከፊቱ ባለው ጣውላ ላይ የበር ደወል የሚመስሉ አምስት ቁልፎች ገጠመ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በላይ በትልቁ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦

▪️ ዋጋው ስንት ነው?
▪️ መብራት ስንት ይበላል?
▪️ የቤቴ ቆጣሪ ይችለዋል?
▪️ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?
▪️ ሲጋገርበት ላየው እችላለሁ?

ቁልፉን ስትጫኑ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ይመጣል። መልሱን የሚሰጡት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የአንዱ ልጅ እናት ቤታቸው ሲጋግሩ ይታያሉ። እኒህ እናት ስለ ራዕይ አንድም ቃል አልተናገሩም። «ዓይኑ እንዲህ እንዲወጣ ከፈለግሽ ቶሎ አትክደኚው» ነው ያሉት። ሴቶቹ እያዩ ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባሉ።

ከሁሉ የወደድኩት ማታ ያደረጉትን ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ አምስቱም ተሰብስበው አዩት። ሁሉም «ዋጋ» ይበልጣል ብለው ገምተው ነበር። የበለጠው ግን «የቤቴ ቆጣሪ ይችለዋል?» የሚለው ሆነ። ለካስ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ ኮንዶሚኒየምና የጋራ ግቢ የሚኖር ሰው ከዋጋው በፊት የሚያስጨንቀው ይህ ነው። በማግስቱ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛቸውን ጠርተው ጠረጴዛው ጋ አስቀመጡት። ሰው የቤቱን ቆጣሪ ፎቶ በስልኩ እያሳየው ሲጠይቀው ዋለ።

ለኔ ኢንተራክቲቭ ማለት ይህ ነው። ጎብኚው ቁልፍ ተጫነ፣ ድርጅቱ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ አሠራሩን ለወጠ። በሚሊዮን የሚገመት ስክሪን ተክለው ይህን ያላገኙ ስንት ናቸው?

🔹 ገንዘብ ለምታወጡ

ስክሪን ለመሥራት ወይም ለማሠራት የምታስቡ ከሆነ፣ ካየሁትና ከሚሠሩት ልጆች ከተማርኩት ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ።

1️⃣ ከጥያቄ ጀምሩ። ስክሪን ከመከራየታችሁ በፊት ሽያጭ ላይ ያለውን ሠራተኛ፣ ጥገና የሚወጣውን መካኒክና ስልክ የሚያነሳውን ሰው አንድ ላይ አስቀምጡ። «ሰው ምን ይጠይቃችኋል?» በሏቸው። አሥር ጥያቄ ጻፉ። ስክሪናችሁ ማለት እነዚያ አሥር ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ናቸው። «ስለ እኛ» ይቅር አልልም፤ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

2️⃣ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ። አዳራሹ በሺህ ሰው ሲሞላ ኔትወርክ እንደሚጨናነቅ ሁላችንም እናውቃለን። ቪዲዮውም ጽሑፉም ኮምፒውተሩ ውስጥ ይጫን። መብራት ብልጭ ሲል እንዳይጠፋ ዩፒኤስ ይኑረው፤ ቢጠፋም ሲመለስ ያለ ሰው እርዳታ ራሱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይምጣ።

3️⃣ ፊደሉን በዚያው ስክሪን ላይ ፈትኑ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፤ ስለዚህ ሰበብ የለም። ሆኖም ከውጭ የሚመጡ አንዳንድ ስክሪኖች የፊደሉ ፎንት አይጫንባቸውም። ልጁ ላፕቶፕ ላይ ያማረው አማርኛ አዳራሽ ሲደርስ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ይሆናል። ይህ የሚታወቀው ደግሞ እንግዳው በር ላይ ሲደርሱ ነው።

4️⃣ ቋንቋና ድምፅ። ገዢያችሁ ከጂማ፣ ከመቀሌ ወይም ከወላይታ ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች ገዢዎቻችሁ በሚናገሯቸው ቋንቋዎች መልሱ። ማንበብ የማይችል ገዢም ገንዘብ አለው፤ ስለዚህ መልሱ በድምፅም ይሰማ።

5️⃣ የሰዉን አለባበስና ቁመት አስቡ። ትልልቆቹ ስክሪኖች ብዙዎቹ ንክኪን የሚያውቁት ከጠርዝ ጠርዝ በሚተላለፍ፣ በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ብርሃኑን የከለለ ነገር ሁሉ ለስክሪኑ ጣት ነው። የነጠላ ጫፍ፣ የጋቢ ጥለት፣ የተንጠለጠለ ባጅ ሁሉ ገጹን ይገለብጠዋል። ሰውየው «አበላሸሁት መሰለኝ» ብለው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ቁልፎቹን ትልልቅና የተራራቁ ማድረግ፣ ስክሪኑንም ትንሽ ወደ ኋላ ማጋደል ይረዳል። በዊልቸር የሚሄድ ሰው እንዲደርስባቸው ዋና ዋናዎቹ ቁልፎች ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበሉ።

6️⃣ ቁጠሩ። የትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተነካ ማታ ማታ እዩ። ከኤክስፖው ይዛችሁ የምትመለሱት ውድ ነገር ይህ ነው። ቢዝነስ ካርድ መሰብሰብ ማን ምን እንደፈለገ አይነግራችሁም።

7️⃣ ከኤክስፖ በኋላ የት ይሂድ? ሦስት ቀን ሠርቶ መጋዘን የሚገባ ሥራ አታሠሩ። በጥያቄና መልስ የተሠራ ነገር ሱቃችሁ ውስጥም፣ ቅርንጫፍ ላይም፣ ስልክ ላይም ይሠራል።

🔹 ስልክ ቁጥር ስትሰበስቡ

ሌላም አለ። አንዳንድ ስክሪኖች «ስምና ስልክዎን ያስገቡ፣ ሽልማት ያግኙ» ይላሉ። ሰው ያስገባል። ከዚያ ለወራት የማያውቀው ድርጅት ሁሉ ቴክስት ይልክለታል። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የሰውን መረጃ ስትወስዱ ለምን እንደወሰዳችሁት ግልጽ ማድረግና ከዚያ ዓላማ ውጭ አለመጠቀም የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ለአንድ እስክሪብቶ ሽልማት የሰውን ስልክ ወስዶ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ድሮም ነውር ነበር። «ለምን እንደፈለግነው» የሚል አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል?

🔹 የልጁ ሒሳብ

ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ሦስት ቀን ሲቀረው ይደወልላቸዋል፤ ሌሊት ይሠራሉ፤ የመክፈቻው ዕለት ጠዋት «አርማው ይተልቅ» ይባላሉ። ክፍያው ደግሞ «ከኤክስፖው በኋላ» ነው። ከኤክስፖው በኋላ ሲደወል «ፋይናንስ ጋ ነው» ይባላል። እኔም ለዚያች «ዘመናዊ፣ አስተማማኝና ተመራጭ» ጽሑፍ የቀረውን ግማሽ ክፍያ ያገኘሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ምናልባት ለጽሑፉ ጥራት የሚመጥን ቅጣት ይሆናል። ከልጆቹ መካከል ግን የኮምፒውተር ዕዳ ያለባቸው አሉ። በሦስት ቀን የታዘዘ ሥራ ከፕሮፋይል የተገለበጠ ቢሆን አይፈረድባቸውም። ጥሩ ሥራ የሚፈልግ ድርጅት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይዘዝ፣ ቅድሚያ ይክፈል፣ ጥያቄና መልሱን ራሱ ያዘጋጅ።

🔹 «ሰው አይሻልም ወይ?»

ይህን የሚሉኝ አሉ። ይሻላል! የሚያውቅ ሰው ቆሞ የሚያስረዳበት ቡዝ ከየትኛውም ስክሪን ይበልጣል። ችግሩ አንድ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ ሃያ ሰው ማናገር አለመቻሉ ነው። ስክሪኑ ቀላሉን ጥያቄ ቢመልስለት፣ እሱ ለከባዱ ጊዜ ያገኛል። ከቡሬ የመጡት ሰው በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈለፍል ከስክሪኑ ቢያውቁ፣ ከመካኒኩ ጋር ስለ ጥገና ይነጋገሩ ነበር።

«ገጽታስ?» የሚሉም አሉ። ገጽታ ያስፈልጋል፤ ሰው ያማረ ቡዝ ጋ ይቆማል፤ አልክድም። ግን ያማረው ነገር ያስቆመዋል እንጂ አያስገዛውም። ቆሞ የጠየቀውን ካላገኘ፣ ባማረው ልክ ተታለልኩ ብሎ ይሄዳል።

አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲሉ የጠያቂውን ጥቅም ነበር የነገሩን። ኤክስፖ ላይ ግን ከጠያቂው እኩል የሚማረው ተጠያቂው ነው። ድርጅቶቻችን ገበያው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ አጥኚ ይቀጥራሉ፤ በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ደግሞ ገበያው ራሱ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ፣ እግሩ እስኪዝል ዞሮ ቡዛቸው ፊት ይቆማል። እነሱ ግን ራዕያቸውን ያነቡለታል።

ስለዚህ ለናንተ ለአንባቢዎቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሚቀጥለው ባዛር ወይም ኤክስፖ ላይ ስትሄዱ ስክሪን ካያችሁ በእርግጥ ማወቅ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ፈልጉበት። ካጣችሁት ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ቡዙ ውስጥ ላለው ሰው «ይህን ስክሪናችሁ ላይ ፈልጌ አጣሁት» በሉት። ስክሪኑ ባይሰማ ሰውየው ይሰማል። የስክሪን ሥራ ያላችሁ ደግሞ፣ ሶፍትዌር የሚሠራውን ልጅ ከመጥራታችሁ በፊት አሥሩን ጥያቄ ጻፉ።

እኔም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ከማንኳኳቴ በፊት መጋዘን ወርጄ መካኒኩን አናግራለሁ። በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈለፍል የሚያውቀው እሱ ነው።